ዓይኑ ያድጋል፣ ሌንሱ አያድግም

ሲስተር አስካለ ማረፋቸውን የነገረኝ መነጽር ሻጩ ነው። ኮምፒዩተር ላይ ስውል ዓይኔን ያቃጥለኝ ስለነበር፣ ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ካለው መሥሪያ ቤቴ በምሳ ሰዓት ወጥቼ ሱቁ ገባሁ። ሰውየው ኬንያዊ ነው። ድሮ በሠራሁበት ሆስፒታል የሚታዘዙትን የልጆች መነጽሮች የሚሠራው እሱ ስለነበር ገና ከበሩ ሲያየኝ አወቀኝ። ፍሬሙን ጆሮዬ ላይ እያስተካከለ፣ «ያቺ የሕፃናት ክፍሏ ኢትዮጵያዊት ሲስተር ሞተች አይደል? ፖሌ ሳና» ብሎ በስዋሂሊ አጽናናኝ። የሰማሁ መስሎት ነበር። እኔ ግን አልሰማሁም። ከሞቱ አራት ቀን፣ ከተቀበሩ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል።

መነጽሩን አዝዤ ወጣሁ። የት እንደምሄድ ስላላወቅሁ ወደ ቢሮ ተመልሼ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሠራሁ።

ሲስተር አስካለን ያወቅኋቸው ሃያ ሁለት ዓመቴ ላይ ነው። ናይሮቢ ያደግሁ ስለሆንኩ ስዋሂሊውንም እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም እችል ነበር፤ በዚያ ነው በአንድ የዓይን ሆስፒታል የካርድ ክፍል የተቀጠርኩት። ካርድ አወጣለሁ፣ ተራ እጠራለሁ፣ ከኢስሊ ሰፈርና ከሞያሌ ለሚመጡት ያገሬ ሰዎች አስተረጉማለሁ፣ ከቀጠሮ የቀሩ ልጆች ወላጆች ጋ እደውላለሁ። ጊዜው ሞባይል ስልክ በየሰው እጅ መግባት የጀመረበት ነበር። ወላጆች በየወሩ አዲስ ቁጥር ይዘው ይመጡ ነበር።

እሳቸው የሚሠሩት በኮሪደሩ መጨረሻ በምትገኝ መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ ነው። ሥራቸው የልጆችን ዓይን መለካት ነው። ዓይናቸው ላይ ሞራ ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት አሉ፤ ሐኪሙ ሞራውን ያወጣና በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተክላል። ፋሻው ሲፈታ ልጁ የእናቱን ፊት አይቶ ሲስቅ ቤተሰቡ እልል ይላል፣ ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ ዓመት የሚያውቁት ሲስተር አስካለ ናቸው። በየሦስት ወሩ፣ በየስድስት ወሩ ልጁን አስቀምጠው በጨለማው ክፍል መብራታቸውን ዓይኑ ላይ እያወዛወዙ፣ አንዱን መስተዋት ከሌላው እየለወጡ፣ ዓይኑ ምን ያህል እንደተቀየረ ይለካሉ።

አጭርና ወፍራም ነበሩ። እግራቸው ስለሚያብጥ ጫማቸውን ጠረጴዛው ስር አውልቀው በካልሲ ነው የሚሠሩት። በሁለት ልጆች መሀል በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው የአፍንጫቸውን ድልድይ ጫን አድርገው ይይዙና «እህህ» ብለው ይተነፍሳሉ፤ ከዚያ «ቀጣይ» ይሉኛል። አገር ቤት ብዙ ዓመት ነርስ ሆነው ሠርተዋል። የሙያ ወረቀታቸው እዚህ እስኪታወቅላቸው ድረስ ግን ለሦስት ዓመት እንደ ረዳት ወለል ሳይቀር ጠርገዋል። ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር ከአንድ ግቢ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባላቸው በንግድ ሰበብ ወጥቶ እንደቀረ ከሌላ ሰው ሰምቻለሁ፤ ከእሳቸው አፍ ግን አንድም ቀን አልሰማሁም።

ልጅ አያባብሉም። ሌሎቹ ነርሶች አሻንጉሊት ያንቃጭላሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ከረሜላ ያሳያሉ። ሲስተር አስካለ ግን የአራት ዓመቷን ልጅ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ «ስሚኝ፤ እኔም ደክሞኛል፣ አንቺም ደክሞሻል። ቶሎ እንገላገል» ይሏታል። ልጅቷም ትክ ብላ ታያቸውና ቀጥ ትላለች። ሲጨርሱም «ጎበዝ» አይሉም፤ «አበቃ፣ ሂጂ» ነው። እኔ መጀመሪያ ላይ ደረቅ ሴት ናቸው ብዬ ነበር። ልጆቹ ግን ከእሳቸው በቀር ሌላ ሰው ሲለካቸው ያለቅሱ ነበር።

ሐያት የምትባል ልጅ ወደ እኛ የመጣችው ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ሲሆናት ነው። አባቷ ጀማል ኢስሊ ውስጥ መጋረጃ ይሸጣል፤ ወላጆቹ ከሞያሌ ናቸው። እናቷ ዘይነብ ትባላለች። ሐያት በሁለቱም ዓይኖቿ ሞራ ነበረባትና ተሠርቶላት፣ ሌንስ ተተክሎላት፣ በወሩ ለልኬት መጣች። ሲስተር አስካለ ለክተው ወፍራም መነጽር ሲያዙ ጀማል ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ሌንስ ውስጧ ገብቷል ተብለናል። ታዲያ መነጽሩ ለምንድን ነው? ሌንሱ ካልሠራ ይነገረን።»

አፍንጫቸውን ያዝ አድርገው ተነፈሱ።

«ጀማል፣ ለዚህች ልጅ ጫማ ስትገዛላት ልክ በልኳ ነው የምትገዛው?»

«ኧረ ሰፋ አድርጌ ነው። በሁለት ወር ይጠባታላ።»

«ሐኪሙም ያደረገው ይህንኑ ነው። የሕፃን ዓይን ያድጋል፤ ሌንሱ አያድግም። ዛሬ በልኳ ቢያስገባላት ትምህርት ቤት ስትገባ ሩቁ ሁሉ ጉም ይሆንባታል። ስለዚህ ሰፋ አድርጎ አስገባላት። ዓይኗ እስኪሞላው ድረስ መነጽሩ ይደግፋታል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄዳል። መስተዋቱ ይሳሳል። አንድ ቀን ደግሞ ይገለበጥና ቅርብ ብቻ ለሚያይ ሰው የሚታዘዘው ዓይነት ይሆናል። ያን ጊዜ እንዳትደነግጥ፣ ተበላሸ እንዳትል። እያደገች ነው ማለት ነው።»

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንመላለሰው?»

«ቁመቷ ማደግ እስኪያቆም።»

ጀማል ሚስቱን አየና ሳቀ። «ወላሂ፣ ይሄማ ትዳር ነው!» አለ። ሲስተር አስካለ ፈገግ ሲሉ ያየሁት ያን ቀን ነው። ጥርሳቸው መሀል ክፍተት እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር።

የሐያት የቀኝ ዓይን ከግራው ይደክም ነበር። ይህንን ለዘይነብ ሲያስረዷት፣ «አእምሮ እንደ ሰው ነው፤ ከሁለት ሠራተኛ አንዱ ከጎበዘ ሥራውን ሁሉ ለሱ ይሰጥና ሌላውን ይረሳዋል። የተረሳ ዓይን ደግሞ ሌንሱ ምንም ቢያምር አያይም» አሏት። ስለዚህ በየቀኑ ለሦስት ሰዓት ጎበዙን ግራ ዓይን በፕላስተር መሸፈን ነበረባት፤ ደካማው እንዲሠራ። ሐያት ፕላስተሩን ትገነጥላለች፣ ትጮኻለች፣ ትንከባለላለች። ዘይነብ እንባዋ እየመጣ፣ «ሲስተር፣ አንጀቴን ትበላኛለች፤ ምን ላድርግ?» ስትላቸው፣ «ታልቅስ፤ ለቅሶ ዓይን አያጠፋም» ነበር መልሳቸው።

እንዲህ ሁለት ዓመት አለፈ። ጀማል በዒድ ማግስት በላስቲክ ዕቃ ሳምቡሳ ይዞ ይመጣል፤ ሲስተር አስካለ አንዱን በልተው ሌላውን ለሌሎቹ ነርሶች ይልካሉ። የሐያት ቁጥር እንደተባለው እየቀነሰ ሄደ። ከቀጠሮ የማይቀሩ ቤተሰቦች ነበሩ። ሲስተር አስካለ የልጆቹን ስም የሚጽፉባት ሰማያዊ ደብተር ነበረቻቸው፤ በዚያች ደብተር የነሐያት መስመር ንጹሕ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ቁጥሩ በተገለበጠበት ቀን ነው። ሐያት አራት ዓመት ተኩል ሆኗት ነበር። ኮሪደሩ ሰው በሰው ሆኖ፣ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ መጥቶ፣ ሲስተር አስካለ ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ አላሉም ነበር። ጀማል አዲሱን ማዘዣ ይዞ ተመልሶ ገባ። መነጽር ቤት የሚሠራ ዘመዱ፣ የማዘዣው ምልክት ከፕላስ ወደ ማይነስ መዞሩን አይቶ፣ «ሌንሱን አሳስተው አስገብተውባት ነው፤ ሊሸፍኑት ነው» ብሎት ነበር።

«ሲስተር፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ልጄ ላይ ስሕተት ተሠርቷል?»

ሌላ ቀን ቢሆን ጫማውን ያስታውሱት ነበር። ያን ቀን ግን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት፣ «ነግሬህ ነበር እኮ፣ ጀማል። ዓይኑ ያድጋል፣ ሌንሱ አያድግም። በሦስት ወር አምጣት» ብለው «ቀጣይ» አሉኝ።

ጀማል ፊቱን አጥቁሮ ወጣ። እኔ ጠረጴዛ ጋ ሲደርስ ስልኩን መቀየሩን ነገረኝና አዲሱን ቁጥር ጠራልኝ። ከኋላው ሕፃን ይጮኻል፣ አንዲት ሴት ካርዴ ጠፋ ትለኛለች። ቁጥሩን ጻፍኩ። መልሼ አላነበብኩለትም።

ሦስት ወር አለፈ፤ አልመጡም። ሲስተር አስካለ ደብተራቸውን አይተው፣ «ፍሬ፣ የሐያት አባት ጋ ደውዪ» አሉኝ። ደወልኩ። የደወሉት ቁጥር የለም የምትለዋ ሴት መለሰችልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሞከርኩት። ካርዱን መልሼ መደርደሪያው ላይ ከተትኩት።

ወደ ማታ ላይ ቦርሳቸውን ይዘው ሲወጡ፣ «ደወልሽ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ምን አለ?»

«በሚመጣው ሳምንት እናመጣታለን ብሏል።»

ለምን እንደዋሸሁ ብዙ ዓመት ምክንያት ፈልጌለታለሁ። ቁጥሩ አልሠራም ብላቸው፣ «ታዲያ ኢስሊ የሚያውቃቸው ሰው ፈልጊ፣ ሱቁን አጠያይቂ» እንደሚሉኝ አውቅ ነበር። ዓርብ ነበር። ደክሞኝ ነበር። ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም። ደብተሩን እዚያው ቆመው ከፈቱና፣ «ተደውሏል፤ ሊመጡ ነው» ብለው ጻፉ።

በሁለተኛው ሳምንት ደግመው ጠየቁኝ። አሁን እውነቱን ብናገር የመጀመሪያው ውሸት ይወጣብኛል። «ሞያሌ ሄደዋል አሉ። ሲመለሱ ይመጣሉ» አልኳቸው። እሱንም ጻፉት።

ዘይነብ ሐያትን ይዛ የመጣችው ከዓመት በላይ ቆይታ ነው። ልጅቷ ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ አረንጓዴ ዩኒፎርም ለብሳለች፣ የመነጽሯ እግር በክር ታስሯል። ያው የድሮው መነጽር ነው፤ ፕላስተሩም ከቀረ ቆይቷል። አስተማሪዋ ከሰሌዳ አትገለብጥም፣ ሰነፍ ናት ብላ የመጨረሻው ወንበር ላይ እንዳስቀመጠቻት ዘይነብ ነገረችን። «ጀማል ከፈለጉን ይደውላሉ እያለ ነው» አለች። «ዛሬ ሳልነግረው ነው ያመጣኋት።»

እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ሲስተር አስካለ የልጅቷን ግራ ዓይን ሸፍነው፣ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰሌዳ አመለከቱ። ሰሌዳው ላይ ያለችው፣ እግሮቿን ወደየት እንደዘረጋች ልጁ በእጁ የሚያሳይባት አንዲት ፊደል ናት፤ ከላይ ትልቅ፣ ወደ ታች እያነሰች የምትሄድ።

«ወዴት ነው የዞረችው? በእጅሽ አሳዪኝ።»

«ሲዮኒ» አለች ሐያት። አላይም ማለቷ ነው።

ሰሌዳውን አንስተው አቀረቡት።

«አሁንስ?»

«ሲዮኒ፣ ቲቸር።»

እንደገና አቀረቡት። ልጅቷ አንገቷን ወደ ፊት ሰግጋ፣ እጇን አንስታ፣ መልሳ አወረደችው። አስተማሪዋ ፊት የቆመች መስሏት ሊሆን ይችላል፣ ማልቀስ ጀመረች። ሲስተር አስካለ ፕላስተሩን ቀስ ብለው አነሱላትና ዘይነብን፣ «ባልሽን ጥሪው» አሏት።

ጀማል ከሱቁ ሮጦ ደረሰ። ሲስተር አስካለ ሳይሸፋፍኑ ነገሩት። ሁለቱም ዓይኖች አድገዋል፤ የድሮው መነጽር አሁን ይጎዳታል እንጂ አይጠቅማትም፤ እሱን መቀየር ቀላል ነው። የቀኙ ዓይን ግን ተረስቷል። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ጥቂት ይመለስ ይሆናል፣ ሁሉም አይመለስም።

«ታዲያ ለምን አልጠራችሁንም?» ድምፁ ኮሪደሩን ሞላው። «ቀጠሮ አልፏል ብሎ የሚደውል ሰው የለም?»

ሰማያዊውን ደብተር ገለጡ። «ተደውሎልሃል። ሊመጡ ነው ይላል። ሞያሌ ሄደዋል ይላል።»

«ማነው ሞያሌ የሄደው? ወላሂ ከኢስሊ ወጥቼ አላውቅም! ስልኬም አንድ ቀን ተዘግቶ አያውቅም!»

«እስቲ ቁጥርህን ጥራው።»

ጠራው። ካርዱን ከፍተው በጣታቸው እየተከተሉ አዳመጡ። መጨረሻው አካባቢ ጣታቸው ቆመ። እኔ ከቆምኩበት ባላየውም የእጅ ጽሑፌን እያዩ እንደሆነ አውቃለሁ። አፌን ስከፍት፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ መዳፋቸውን ወደ እኔ ዘረጉ፤ ዝም በይ ማለታቸው ነበር። ካርዱን ዘጉት።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጀማል። መከታተል ያለብኝ እኔ ነበርኩ፣ አልተከታተልኩም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ሲላቸው የኖረ ሰው ያን ቀን «አንቺ» አላቸው። «አንቺ ነሽ ልጄን ያጠፋሻት» አለ። ወጥቶ በቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄደ፣ ክሱንም በጽሑፍ አስገባ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ክፍላቸው ገባሁ። ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል።

«ሞያሌ ያልሽውስ?» አሉኝ።

«ዋሽቼ ነው።»

«ለምን?»

«ደክሞኝ ነበር።»

ይጮኹብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔም ደክሞኛል» አሉ። «አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ደክሞኛል።»

«አሁን ሄጄ ለኃላፊው እነግራቸዋለሁ።»

«ብትነግሪ ዛሬውኑ ያባርሩሻል። ለሐያት ምን ይጠቅማታል? እኔን አያባርሩም፤ የሕፃን ዓይን የሚለካ ሌላ ሰው የላቸውም።» አፍንጫቸውን ያዝ አድርገው ተነፈሱ። «ደግሞ ያልኩት ውሸት አይደለም። አንድ ቃል ተቀብዬ ዓመት ሙሉ መተኛት አልነበረብኝም። ይልቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው የዋሸሽው ለእኔ ቢሆንም የምትክሺው ለልጅቷ ነው።»

ስለ ሆስፒታሉ የገመቱት ግን ትክክል አልነበረም። ባያባርሯቸውም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጥተው ከሕፃናት ክፍል አነሷቸው። የአዋቂዎች ክፍል ተልከው ጠብታ ሲያንጠባጥቡ ዋሉ። ልጆች በኮሪደሩ ሲያልፉ ያይዋቸውና ወደሳቸው ይሄዳሉ፤ እሳቸው በጣታቸው ወደ ሌላው በር ያመለክቷቸዋል። እኔ ይህንን በየቀኑ ከጠረጴዛዬ እያየሁ ዝም አልኩ። መጀመሪያ እሳቸው ዝም በይ ስላሉኝ ነበር። ቆይቶ ግን ዝምታው የራሴ ሆነ።

ጀማል ልጄን ዳግመኛ እዚያ አልወስዳትም ስላለ፣ መነጽሯን ሌላ ቦታ አሠርቶ አስቀራት። ስለዚህ እኛ ሄድን። ቅዳሜ ጠዋት ከሳውዝ ሲ በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲ፣ ወደ መሀል ከተማ፣ ከዚያ በሌላ ማታቱ ወደ ኢስሊ። ዝናብ ከዘነበ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ያልፋል፤ ሲስተር አስካለ ቀሚሳቸውን በአንድ እጅ፣ የእኔን ክንድ በሌላው ይዘው ይሻገራሉ። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በየፎቁ ቆመው ይተነፍሳሉ።

የመጀመሪያው ቀን ዘይነብ በሩን ከፍታ ደነገጠች። ወደ ውስጥ ዞራ ባሏን አየች። ጀማል ሻይ እየጠጣ ነበር። ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ ባጠገባችን አልፎ፣ ቃል ሳይናገር ወደ ሱቁ ወረደ። ዘይነብ ያንን እንደ ፈቃድ ቆጥራ አስገባችን። ከዚያ በኋላም ሁልጊዜ እንዲሁ ነበር። አይከለክልም፣ ሰላምም አይልም።

ሲስተር አስካለ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ያዛሉ፤ የምሠራው እኔ ነበርኩ። ሰሌዳውን እሰቅላለሁ፣ ርቀቱን በእርምጃ እለካለሁ፣ የግራ ዓይኗን በፕላስተር እሸፍናለሁ፣ ያየችውን መስመር እጽፋለሁ። ለሳምንቱ የቤት ሥራ ይሰጧታል፤ ዶቃ በክር መሰካት፣ ምስር ውስጥ ጠጠር መልቀም፣ ሥዕል ቀለም መቀባት፣ ሁሉም በደካማው ዓይን። ትምህርት ቤቷም ልከውኝ አስተማሪዋን በስዋሂሊ አነጋገርኩ። ልጅቷ ሰነፍ ሳትሆን ማየት የቸገራት እንደሆነች ስነግራት አስተማሪዋ ተከፋች፤ ወንበሯንም ወደ ሁለተኛው ረድፍ አመጣችላት።

ሐያት እኔን ብዙም አትወደኝም ነበር፤ ፕላስተሩን የምለጥፈው እኔ ነኛ። እሳቸውን ግን በጥያቄ ታደርቃቸዋለች።

«ቢቢ፣ አንቺ ለምን መነጽር የለሽም?» ትላቸዋለች። በስዋሂሊ አያቴ ማለቷ ነው።

«እኔ የሚታየውን ሁሉ አይቼ ጨርሻለሁ። አንቺ ነሽ ገና የቀረሽ። በይ፣ ወዴት ነው የዞረችው?»

«ወደ ላይ።»

«ይህችኛዋስ?»

«ወደ... ወደ ዘይነብ!»

እናቷ የተቀመጠችው በስተቀኝ ነበር፤ መልሱም ትክክል ነበር። ሲስተር አስካለ ስቀው ሳያበቁ ሐያት ደግማ ሳቀች፣ ዘይነብ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። በእነዚያ ወራት ከሳቅንባቸው ጥቂት ቀናት አንዱ ነው።

ሰባት ወር ተመላለስን። የሐያት ቀኝ ዓይን አንድ መስመር፣ ቆይቶ ሌላ መስመር፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሦስተኛ መስመር ወረደ። ከዚያ ቆመ። አራት ቅዳሜ በተከታታይ ለካን፣ አልተነቃነቀም። የመጨረሻው ቀን ደረጃውን ስንወርድ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሙ።

«ከዚህ በላይ አይሄድም» አሉ። «በጊዜው ብንይዘው የቀሩትንም መስመሮች ታነባቸው ነበር። አሁን ይኸው ነው።»

እንዲያጽናኑኝ ፈልጌ ነበር መሰለኝ፣ «ግን እኮ ሦስት መስመር...» አልኩ።

«ሦስት መስመር ሦስት መስመር ነው» አሉና መውረዳቸውን ቀጠሉ።

በእሳቸው ቦታ የተተካችው ልጅ ጎበዝ ብትሆንም ሕፃናቱ አልቀመጥላትም ስላሉ ወረፋው እስከ ግቢው በር ደረሰ። ቆይቶ ኃላፊው ራሱ መጥቶ ወደ ክፍላቸው መለሳቸው። ይቅርታ አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም የጠበቁ አይመስለኝም። ዘይነብም ሐያትን በምስጢር ማምጣት ጀመረች፤ ኋላ ላይ ጀማል ቢያውቅም እንዳላወቀ ሆነ። እሱ ራሱ ግን አንድም ቀን ወደ ሆስፒታሉ አልተመለሰም። መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ይሻገራል። ያስገባው ክስም እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ ከፋይላቸው ውስጥ ነበር።

እኔ ከሁለት ዓመት በኋላ የተሻለ ሥራ አግኝቼ ወጣሁ። መጀመሪያ በየበዓሉ እደውልላቸው ነበር፤ ከዚያ በፋሲካ ብቻ፤ ከዚያ አንዳንዴ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ሳውዝ ሲ የማታቱ መቆሚያ ላይ ነው፤ ቲማቲም የያዘ ላስቲክ አንጠልጥለው ነበር። ከስተዋል። ስለ ጤናቸው ብጠይቃቸው በእጃቸው አልፈውት፣ «ሐያትን ታገኚያት ይሆን?» አሉኝ። አላገኛትም ነበር። «ቁመት ጨምራለች። ዓይኗም አብሮ ነው የሚሄድ» አሉ። ማታቱዬ መጣና ተሰናበትኳቸው። ካንሰር እንደነበረባቸው ያወቅሁት ለቅሶው ላይ ነው።

መነጽር ሻጩ በነገረኝ ማግስት ሄድኩ። ክፍላቸው ጠባብ ስለነበረች ሰው የተቀመጠው በአከራያቸው ግቢ፣ በኪራይ ወንበር ላይ ነው። የሆስፒታሉ ሰዎች ነበሩ፣ ጥቂት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ብዙ እናቶች መነጽር ካደረጉ ልጆቻቸው ጋር። ዘይነብ ከሴቶቹ ጋር ሻይ ታቀርባለች። ሐያት አሥራ ሁለት ዓመት አልፏት፣ ረዝማ፣ አጠገቧ ትሪ ይዛ ትዞራለች። ጀማል ከግቢው ጥግ ብቻውን ተቀምጧል። ጢሙ ሸብቷል።

ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስለ ሞት የሚባለውን ሁሉ ተባባልን። ከዚያ ነገርኩት።

«ጋሽ ጀማል፣ ያን ጊዜ ስልክህን አሳስቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ደውያለሁ ብዬ የዋሸሁትም፣ ሞያሌ ሄደዋል ያልኩትም እኔ ነኝ። ሲስተር አያውቁም ነበር። ያወቁት አንተ ቁጥሩን ስትጠራላቸው ነው። ዝም በይ አሉኝ።»

መሬት መሬቱን እያየ በጣቱ የወንበሩን እጀታ ይፍቅ ጀመር። ይሰድበኛል ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ።

«ያን ሁሉ ቅዳሜ አብረሻቸው ትመጪ ነበር» አለኝ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ሱቄ በር ላይ ስታልፉ አይሻለሁ። አንድ ቀን ብቻሽን ገብተሽ ልትነግሪኝ አልቻልሽም?»

«ፈራሁ።»

«እኔ እኮ ነኝ ከሥራቸው ያስነሳኋቸው። ልጄን ያጠፋች ሴት እያልኩ ለሰው ሁሉ ያወራሁት እኔ ነኝ።» ድምፁ አልጨመረም፣ እንዲያውም ቀነሰ። «ሴትየዋ እስከ ባለፈው ሳምንት እዚህ ነበሩ። በሕይወት እያሉ ብትነግሪኝ፣ ይቅርታ እጠይቃቸው ነበር።»

ሐያት ትሪውን ይዛ መጥታ ሻይ ሰጠችኝና መነጽሯን በክንዷ ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አየችኝ፤ የምታስታውሰኝ አይመስለኝም። ጀማል ተነስቶ ሄደ።

በሳምንቱ ለዘይነብ ደወልኩላት። ጀማል ሱቁን በጠዋት ዘግቶ ብቻውን ወደ መቃብራቸው እንደሄደ፣ የተመለሰውም ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ እንደሆነ ነገረችኝ። እዚያ ምን እንደተናገረ አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም።

እኔ እስካሁን አልሄድኩም።